ሽምብራና ባቄላን ዘፍዝፎ መዝራት

መስከረም ሲጠባ በምሥራቅ ጎጃም በእነማይ፣ በሸበል በረንታና በደጀን ዋልካ ላይ እሽቅድምድም ይጀመራል። ክረምቱን ሲጠጣ የከረመው ጥቁር አፈር ከላይ ወደ ታች እየደረቀ ይሄዳል። የተዘራው ሽምብራ ደግሞ ሥሩን እየሰደደ ያንን የሚሸሽ ርጥበት መከተል አለበት። ከዚህ በኋላ ዝናብ ላይመጣ ይችላል። ዘሩ ውሃ ለመጠጣት ብቻ ሁለት ሦስት ቀን ካጠፋ የላይኛው አፈር ይቀድመውና ይደርቅበታል። ያን ጊዜ ማሳው እዚህም እዚያም በቅሎ መሐል መሐሉን ባዶ ይቀራል፤ የጎደለውን ደግሞ በዚያው ዓመት የሚሞላው ነገር የለም።

ያን ውሃ የመጠጣት ሥራ ዘሩ መሬት ሳይነካ፣ ቤት ውስጥ፣ በአንድ ሌሊት እንዲጨርስ ማድረግ ይቻላል። ዘር ዘፍዝፎ፣ ላዩን አድርቆ በማግስቱ መዝራት ነው። ማዳበሪያ አይገዛበትም፤ የሚጠይቀው ንጹሕ ውሃ፣ ዕቃና ሰዓት መጠበቅ ነው። ሰዓት መጠበቁ ቀላል ሥራ እንዳይመስላችሁ፤ ዘዴው የሚሠራውም የሚበላሸውም በእሱ ነው።

ነገሩ ለጎጃም ቤት እንግዳ አይደለም። በዐቢይ ጾም በቆልት የምታዘጋጅ እናት ባቄላ ምን ያህል ሲዘፈዘፍ እንደሚያብጥ፣ መቼ ጎንቁሎ ነጭ ሥር እንደሚያወጣ ከማንም በላይ ታውቃለች። ለዘር የሚዘፈዘፈውም እህል የሚጀምረው በዚያው መንገድ ነው። ልዩነቱ መንገዱን አለመጨረሱ ነው፤ ሥሩ ብቅ ከማለቱ በፊት ከውሃ ይወጣል። ስለዚህ ይህን ሥራ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትሞክሩ በቆልት የምትሠራዋን የቤቱን እመቤት አማካሪ አድርጉ። እንዲያውም የመዘፍዘፉ ኃላፊ እሷ ብትሆን ይሻላል።

በዘሩ ውስጥ የሚሆነው

ደረቅ ዘር ውሃ ሲያገኝ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት በፍጥነት ይመጥጣል፣ ያብጣልም። ቀጥሎ መጠጣቱን ያቀዘቅዝና የውስጥ ሥራውን ይጀምራል፤ የተጎዳውን ይጠግናል፣ ያጠራቀመውን ምግብ መፍታት ይጀምራል፣ ትንፋሹ ይጨምራል። በሦስተኛው ደረጃ ሥሩ ቆዳውን ቀዶ ይወጣል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ደረጃዎች ያለ ዘር ቢደርቅም አይሞትም፣ እንደገና ውሃ ሲያገኝ ከቆመበት ይቀጥላል። ሥር ካወጣ በኋላ ግን ያ ችሎታ ይጠፋል። ሥር ያወጣ ዘር ደረቅ አፈር ከገጠመው ይሞታል፤ ማረሻና እጅ ሲነካውም ሥሩ ይሰበራል።

ዘፍዝፎ መዝራትን በገበሬ ማሳ ላይ በሰፊው ያጠኑት እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በዌልስ የባንጎር ዩኒቨርሲቲው ዴቭ ሃሪስና የሥራ ባልደረቦቻቸው ናቸው። በሕንድ፣ በዚምባብዌ፣ በፓኪስታንና በባንግላዴሽ ከገበሬዎች ጋር ሆነው ሞክረውታል። ለእኛ ቅርብ የሆነው የባንግላዴሹ ነው። ባሪንድ በሚባለው አካባቢ ገበሬው ሩዙን ካነሣ በኋላ አፈሩ ውስጥ በቀረው ርጥበት ላይ ሽምብራ ይዘራል፤ እንደ እነማይ ገበሬ ማለት ነው፣ ዝናብ ሳይጠብቅ። እዚያ ለ8 ሰዓት ተዘፍዝፎ የተዘራው ሽምብራ ቀድሞና ተካክሎ በቀለ፣ ምርቱም ጨመረ። እነዚህ ሰዎች ካስተማሩት ሁሉ የላቀው ነገር ግን አንድ ሐሳብ ነው፦ እያንዳንዱ ሰብል፣ እያንዳንዱ ዝርያም ጭምር፣ የማይታለፍ የመዘፍዘፊያ ሰዓት አለው፤ ያንን ሰዓት ገበሬው ራሱ በቤቱ መፈተን ይችላል። አፈታተኑን ከታች ጽፌዋለሁ፤ ሌላውን ሁሉ ብትዘሉ እሱን አትዝለሉት።

መጀመሪያ ማሳችሁን እዩ

መዘፍዘፍ ሁሉም ቦታ እኩል አይጠቅምም። በእኔ እምነት በምሥራቅ ጎጃም ድካሙን አብልጦ የሚከፍለው በክረምቱ መጨረሻ በዋልካ ላይ ለሚዘራ ሽምብራ ነው። ምስርም በዚያው አፈርና በዚያው ወቅት የሚዘራ ከሆነ ይከተላል።

በሰኔና በሐምሌ መጀመሪያ በጎዛምን፣ በማቻከልና በሲናን የሚዘራው ባቄላና አተር ጉዳዩ ሌላ ነው። በዚያ ወቅት የጎደለው ሙቀት እንጂ ውሃ አይደለም። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 ሜትር ከፍ ብላ የተቀመጠች ናት፤ ከዚያ ወደ ጮቄ በወጣችሁ ቁጥር አፈሩ እየቀዘቀዘ ይሄዳል፣ ባቄላውም ለመብቀል ይዘገያል። የተዘፈዘፈው ቀድሞ ስለሚወጣ አረምን ይቀድማል፣ በረዶና ውርጭ የሚመታውን የኋለኛውን ወቅትም በተወሰነ ደረጃ ያመልጣል። ጥቅሙ ይህ ነው፤ የሽምብራውን ያህል አትጠብቁ።

ውሃ በሚተኛበት ማሳ ላይ ግን ባቄላ ዘፍዝፋችሁ አትዝሩ። የተዘፈዘፈ ዘር መተንፈስ ጀምሯል፣ አየር ይፈልጋል፤ ውሃ የሞላው አፈር ውስጥ ከገባ ከደረቁ ዘር ቀድሞ ይበሰብሳል። መጀመሪያ ፈሰስ አውጡ፣ ወይም መደብ ሠርታችሁ በመደቡ ላይ ዝሩ። ዝርያም ይረዳል፤ ዋልኪና ሃጫሉ የተባሉት የባቄላ ዝርያዎች ውሃ ለሚይዝ ጥቁር አፈር ታስበው የወጡ ናቸው።

በቀይ አፈሩ በኩል ያለው ችግር አሲዳማነቱ ነው። ፒኤቹ ከ5.5 በታች በወረደ አፈር ላይ የባቄላ ሥር ይቆረፍዳል፣ ፎስፈረሱ ይታሰርበታል፣ ከሥሩ ጋር ተባብሮ ናይትሮጂን የሚሰጠው ባክቴሪያም ይመነምናል። እንዲህ ያለውን አፈር የሚያድነው ኖራ ነው። ዘፍዝፌ ዘርቼ ምንም አላየሁም የሚል ገበሬ ማሳው ቀይ አፈር ከሆነ አስቀድሞ አፈሩን ያስመርምር።

ቦሎቄንና አኩሪ አተርን ለጀማሪ አልመክርም። ቆዳቸው ስስ ነው፤ ውሃ ውስጥ ሲገቡ በቶሎ ይሰነጠቃሉ፣ ውስጣቸው ያለው ምግብ ወደ ውሃው ይፈሳል፣ ከዚያ ሻጋታ ይይዛቸዋል።

ዘሩን መምረጥ

ለመዘፍዘፍ የሚቀርበው ዘር ካለፈው መኸር የተገኘ፣ ነቀዝ ያልነካው፣ ቆዳው ያልተሰነጠቀ መሆን አለበት። በአውድማ ላይ በበሬ የተወቃ ወይም በዱላ የተደበደበ ባቄላና ሽምብራ ውስጥ ዓይን በቀላሉ የማያያቸው ብዙ ስንጥቆች አሉ። ሰፌድ ላይ አድርጋችሁ አበጥሩ፣ ከዚያ በእጅ ልቀሙ። ይህ ሥራ ያሰለቻል፤ ነገር ግን የተሰነጠቀ ፍሬ በውሃ ውስጥ ስኳሩን እየለቀቀ የሌሎቹንም ውሃ ያዝለገልጋል፣ ስለዚህ የአንድ ቁና ዘር ለቀማ የጠቅላላውን ዘር ጤንነት ይወስናል።

ቀጥሎ አበቃቀሉን ፈትሹ። 100 ፍሬ ቆጥራችሁ በርጥብ ጨርቅ ጠቅልላችሁ ሙቀት ባለበት የቤት ጥግ አስቀምጡ፤ ጨርቁ እንዳይደርቅ ውሃ አርከፍክፉበት። ከሳምንት እስከ አሥር ቀን ባለው ጊዜ 85 እና ከዚያ በላይ ከበቀለ ዘሩ ደኅና ነው። 70 ካልደረሰ ሌላ ዘር ፈልጉ። መዘፍዘፍ ደካማ ዘርን ያነቃዋል የሚል ወሬ ብዙ ቦታ ይሰማል። ጤነኛውን ያፈጥነዋል እንጂ ያረጀውንና በነቀዝ የተቦረቦረውን አያድነውም።

ሁለት ዓይነት ዘር ፈጽሞ አይዘፈዘፍም። አንደኛው በመድኃኒት ታሽቶ የመጣ ምርጥ ዘር ነው፤ ቀይ፣ አረንጓዴ ወይም ሰማያዊ ቀለም ተቀብቶ ታዩታላችሁ። ብትዘፈዝፉት መድኃኒቱ ይታጠባል፣ የቀረው ውሃም ለሰውና ለከብት መርዝ ይሆናል። ሁለተኛው ቆርምድ ከያዘው ማሳ የተሰበሰበ ባቄላ ነው። ቆርምድ ከ2003 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በደጋው የባቄላ አካባቢ የታወቀ በሽታ ነው፤ ቅጠሉንና ግንዱን እያሳበጠ ያጠፋል። በሽታው በገለባና በአፈር ላይ ይቆያል፣ ከዘር ጋር ተቀላቅሎም ይሄዳል። ጥቂት የታመመ ዘር ከጤነኛው ጋር በአንድ ውሃ ውስጥ ቢዘፈዘፍ ለሁሉም ማዳረስ ነው የሚሆነው። ሽምብራችሁም አምና ጠውልጎ የደረቀበት ማሳ ካለ ከዚያ ማሳ ዘር አታስቀሩ።

የማቆሚያውን ሰዓት መፈተን

ይህን ከመዝሪያው ሁለት ሳምንት ቀደም ብላችሁ አድርጉት። የሚያስፈልገው አምስት ኩባያ፣ አምስት ደረቅ ሳህንና የእጅ ሰዓት ወይም ስልክ ነው።

በእያንዳንዱ ኩባያ ልትዘሩት ካሰባችሁት ዘር 50 ፍሬ አድርጉና ሁሉንም በአንድ ጊዜ በውሃ ሙሏቸው። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ ብትጀምሩ ሥራው ይቀልላችኋል፤ የሰዓቱ ቁጥር ራሱ ቆይታውን ይነግራችኋል። የመጀመሪያውን ኩባያ 4 ሰዓት ሲሆን አውጡ፣ ሁለተኛውን 6 ሰዓት፣ ሦስተኛውን 8 ሰዓት፣ አራተኛውን 10 ሰዓት፣ አምስተኛውን ከምሽቱ 12 ሰዓት። ያወጣችሁትን በጨርቅ ጠረግ አድርጋችሁ በደረቅ ሳህን ላይ በትኑት፣ በላዩ ሌላ ሳህን ድፉበት፣ ስንት ሰዓት እንደቆየ ጽፋችሁ አስቀምጡ። ከዚህ በኋላ ውሃ አትጨምሩበት።

እስከ ሦስተኛው ቀን እየከፈታችሁ እዩ። ተጨማሪ ውሃ ሳይሰጠው በራሱ ሥር ያወጣ ሳህን ካለ፣ ያ ዘር ከሚገባው በላይ ተዘፍዝፏል። ሥር ካላወጡት ሳህኖች መካከል ረጅሙን ጊዜ የቆየው የእናንተ ዘር የማቆሚያ ሰዓት ነው። ከዚህ አንድ ወይም ሁለት ሰዓት ቀንሳችሁ ሥሩበት፤ የማሳ ሥራ በደቂቃ አይሄድምና።

ፈተናውን የት እንደምትጀምሩ ለማወቅ ያህል፣ ለሽምብራ 8 ሰዓት በብዙ ቦታ የተሞከረ ልክ ነው። ባቄላ ፍሬው ትልቅ፣ ቆዳውም ወፍራም ስለሆነ ከዚያ በላይ ሊቆይ ይችላል፤ እስከ 12 ሰዓት ድረስ ፈትኑት። አተርና ምስር ከሽምብራ ቀድመው ይረካሉና 6 ሰዓትን መነሻ አድርጉ። የጎረቤት ሰዓት ለእናንተ ላይሆን ይችላል። ትልልቅ ፍሬ ያለው ነጭ ሽምብራና ደቃቁ ቀይ ሽምብራ እንኳ አንድ አይደሉም፤ አረርቲ ለሚባለው ዝርያ የሠራ ሰዓት ለናቶሊ ያለ ፈተና አይወሰድም።

ቀኑን መቁረጥ

የተዘፈዘፈ ዘር አይጠብቅም። ስለዚህ የመዘፍዘፊያውን ምሽት የምትመርጡት የመዝሪያውን ቀን አይታችሁ ነው። በማግስቱ ማረሻ የማይነካበት የበዓል ቀን ከሆነ በዋዜማው አትዘፍዝፉ፤ በ12 የሚካኤል፣ በ21 የማርያም፣ በ27 የመድኃኔዓለም፣ በ29 የበዓለ ወልድ መሆኑን አስቀድማችሁ ቁጠሩ፣ የደብራችሁንም በዓል ጨምሩ። መስከረም ደግሞ በዓል የበዛበት ወር ነው። በሬው፣ ሞፈሩና ቀንበሩ፣ የወንፈል ሰዎች መምጣታቸው ሳይረጋገጥ ዘር ውሃ ውስጥ አይግባ።

መጠኑም ከአንድ ቀን ሥራ አይለፍ። ጥንድ በሬ በቀን የሚያርሰው አንድ ጥማድ፣ ሩብ ሄክታር ገደማ ነው። ለዚያ ከ25 እስከ 30 ኪሎ ሽምብራ ወይም 50 ኪሎ ገደማ ባቄላ ይበቃል፤ የባቄላው እንደ ፍሬው ትልቅነት ከፍ ይላል። የምትመዝኑት ደረቁን ነው። ከተዘፈዘፈ በኋላ ክብደቱ ስለሚጨምር ሚዛኑ ያሳስታችኋል።

አፈሩንም በዚያው ቀን እዩት። ዘሩ በሚያርፍበት ጥልቀት ቆፍራችሁ አንድ እፍኝ ጨብጡ። ሲጨበጥ ከተያያዘ ደኅና ነው። ከተበተነ አትዘፍዝፉ። በደረቅ አፈር ውስጥ የገባ የተዘፈዘፈ ዘር ከደረቅ ዘር የባሰ ዕድል ነው ያለው፤ ደረቁ ዝናብ እስኪመጣ መተኛት ይችላል።

መዘፍዘፍ

ከምሽቱ 4 ሰዓት የተዘፈዘፈ ሽምብራ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ሲወጣ 8 ሰዓት ሞላው። በሬ ሳይጠመድ ይደርሳል። የማቆሚያው ሰዓት ለየት ካለ ወደ ኋላ እየቆጠራችሁ የመጀመሪያውን ሰዓት አግኙት።

ውሃው የምንጭ፣ የጉድጓድ ወይም የዝናብ ቢሆን ጥሩ ነው። ከከተማ ቧንቧ ከሆነ ክሎሪኑ እንዲወጣ አንድ ሌሊት ክፍት አድርጋችሁ አሳድሩት፤ በተለይ በኋላ ዘሩን ናይትሮጂን የሚሰጠውን ባክቴሪያ የምታለብሱ ከሆነ ይህን አትርሱ። ቀዝቃዛነቱ ደግሞ የደጋ ሰው ልብ ሊለው የሚገባ ነገር ነው። በጣም የደረቀ የሽምብራና የአተር ፍሬ በበረደ ውሃ ውስጥ ድንገት ሲገባ የውስጡ ስስ ሽፋን ይቀደዳል፣ ፍሬው ያብጣል እንጂ አይበቅልም። ውሃውን ቀን ፀሐይ ላይ አሙቁት፣ ወይም ጥቂት ሙቅ ውሃ ጨምራችሁ ለእጅ የማይቀዘቅዝ አድርጉት። ትኩስ አይሁን። ዕቃውን ቤት ውስጥ አሳድሩ፤ ከምድጃው አጠገብ እንጂ ምድጃው ላይ አይደለም። ዘሩ ከጎተራ ሲወጣ በጥርስ ሲነከስ ጠጥሮ የሚሰበር ያህል ደረቅ ከሆነ፣ ከመዘፍዘፉ በፊት ረጠብ ባለ ጆንያ ላይ አስጥታችሁ ሌላ ርጥብ ጆንያ ደርባችሁ ጥቂት ሰዓት አቆዩት። ቀስ ብሎ የለሰለሰ ፍሬ ውሃ ሲገባ አይሰነጠቅም።

ዕቃው ሰፊና አጭር ቢሆን ይመረጣል፤ ሳፋ፣ የተቆረጠ በርሜል፣ ባልዲ። ማላታይን ወይም ቱፎርዲ የመሰለ የተባይ ወይም የአረም መድኃኒት የነበረበት ጀሪካን ስንት ጊዜ ቢታጠብ ለዚህ አይሆንም። ለአንድ እጅ ዘር ሁለት እጅ ውሃ አድርጉ፤ ለጥማድ ሽምብራ ሦስት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ይበቃል። ዘሩ ሲያብጥ ከአፉ እንዳይገነፍል ዕቃውን ግማሽ ያህል ብቻ ሙሉት። ዘሩን ስትጨምሩ አማስሉት፤ ነቀዝ የበላውና ባዶው ይንሳፈፋል፣ በወንፊት ግፈፉት። ሌሊት አንድ ጊዜ ተነሥቶ ማማሰል ከታች ለተቀበረው ዘር አየር ይሰጠዋል። ማንም የማይነሣ ከሆነ በአንድ ጥልቅ ዕቃ ከማሳደር በሁለት ሦስት ሳፋ ከፍላችሁ አሳድሩት።

ሰዓቱ ሲደርስ ውሃውን አንጠፉ፣ በንጹሕ ውሃ አንድ ጊዜ አለቅልቁ። የወጣው ውሃ ለሁለተኛ ዘር አያገለግልም።

ማድረቅና መዝራት

የተጠነፈፈውን ዘር በጥላ ስር በጆንያ ወይም በሰሌን ላይ ስስ አድርጋችሁ አስጡ፤ እያገላበጣችሁ ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት። የሚፈለገው ላዩ ደርቆ እጅ ላይ የማይጣበቅ፣ ከጣት መሐል በቀላሉ የሚወርድ እንዲሆን ብቻ ነው። ውስጡ ርጥብ ይሁን። ፀሐይ ላይ አታስጡ።

ዘሩን ባክቴሪያ የማልበሻው ጊዜ ይህ ነው። መናገሻ ባዮቴክ ኢንዱስትሪ የሚያመርተው የጥራጥሬ ባክቴሪያ በየሰብሉ ተለይቶ በጥቅል ይሸጣል። የሽምብራው ለባቄላ አይሆንም፣ የባቄላውም ለሽምብራ፤ ባክቴሪያዎቹ የተለያዩ ናቸውና። ቀኑ ያላለፈ፣ ፀሐይ ላይ ያልዋለ ጥቅል ግዙ። ጥቂት ስኳር በውሃ በጥብጣችሁ ዘሩን በስሱ አርጥቡ፣ በጥቅሉ ላይ የተጻፈውን መጠን ነስንሳችሁ እያንዳንዱ ፍሬ ጥቁር ለብሶ እስኪታይ ቀስ ብላችሁ እሹት። ያበጠ ቆዳ በቶሎ ይላጣልና በጉልበት አትሹ። ይህ ሁሉ በጥላ ስር ይሁን፤ ፀሐይ ባክቴሪያውን በጥቂት ጊዜ ይገድለዋል። በማሳውም ላይ ዘሩ እስኪያልቅ ጆንያው ተሸፍኖ ይቀመጥ፣ ማዳበሪያም ከዘሩ ጋር አይቀላቀል።

በመስመር የሚዘራ ሽምብራ በመስመሮቹ መካከል 30 ሳንቲ ሜትር፣ በፍሬዎቹ መካከል 10 ሳንቲ ሜትር ይበቃዋል። ባቄላ 40 በ10 ነው። መስመሩ እንደተከፈተ ዘሩ ይውረድ፣ ወዲያው ይሸፈን። ግማሽ ማሳ መስመር ከፍቶ ጨርሶ ወደ ዘር መመለስ የተለመደ ነው፤ ለተዘፈዘፈ ዘር ግን ይህ አይሆንም፣ የተገለጠው አፈር በመስከረም ፀሐይ ሳትጠብቁት ይደርቃል። አንዱ ሲከፍት ሌላው ከኋላው እየዘራ፣ ሦስተኛው እየሸፈነ ይሂዱ።

በእጅ በትናችሁ የምትዘሩ ከሆነ አንድ ነገር አስተውሉ። የገበሬ እጅ ዘር የሚለካው በእፍኝ ነው። ያበጠ ፍሬ ቦታ ስለሚይዝ በአንድ እፍኝ የሚገባው ቁጥር ያንሳል፤ በለመደ እጅ የተበተነ ማሳ ሳስቶ ይበቅላል። መፍትሔው ለጥማዱ የተመዘነውን ዘር በሙሉ በዚያው ጥማድ ላይ መጨረስ ነው። ቀድሞ የሚያልቅ ወይም የሚተርፍ ከሆነ እጃችሁን አስተካክሉ። ከቻላችሁ ግን በመስመር ዝሩ፤ በብተና ብዙ ዘር ደረቅ አፈር ላይ ስለሚቀር የሌሊቱ ድካም በከፊል ይጠፋል።

ነገር ሲበላሽ

ዘሩ ተዘፍዝፎ ጠዋት ዝናብ ቢይዛችሁ፣ በሬ ቢታመም፣ ለቅሶ ቢመጣ፣ ዘሩን በውሃ ውስጥ አታቆዩት። አውጥታችሁ በጥላ ስር በጣም ስስ አድርጋችሁ አስጡ፣ በቀን ደጋግማችሁ አገላብጡ። በሁለት በሦስት ቀን ውስጥ ከተዘራ የመዘፍዘፉ ጥቅም ብዙው አብሮት ይኖራል። በደንብ ደርቆ እንደገና ለወራት ይቀመጥ ካላችሁ ግን አይሆንም፤ አንድ ጊዜ የነቃ ዘር ዕድሜው ያጥራል፣ ለከርሞ ዘር አይደለም።

ባክቴሪያም ሆነ ሌላ ነገር ሳይነካው ጎንቁሎ የተገኘ ሽምብራ ወይም ባቄላ ወደ ወጥ ቤት ይሂድ፤ ለበቆልት ደርሷል። ሥር ያወጣውን ለማትረፍ ብላችሁ ማሳ ላይ አትበትኑት።

ዘሩ ሲወጣ ቢሸት ወይም ውሃው ቢያዝለገልግ ለማጠብና ለማዳን አትሞክሩ። ወይ ሰዓቱ አልፏል፣ ወይ ዘሩ ከመነሻው ታሞ ነበር፤ ጥማዱን በደረቅ ዘር ዝሩትና የተበላሸበትን ምክንያት ከመፈተኛው ኩባያ ጀምራችሁ ፈልጉ።

ውሃው ውስጥ የሚጨመር ነገር

በአሲዳማ አፈር ላይ ሞሊብዲነም የሚባለው ማዕድን ስለሚታሰር የጥራጥሬው ባክቴሪያ ናይትሮጂን ለመሥራት ይቸገራል። ለዚህ በደቡብ እስያ የሽምብራን ዘር ሶዲየም ሞሊብዴት በተጨመረበት ውሃ ዘፍዝፎ መዝራት ተሞክሯል፤ መጠኑ በአንድ ሊትር ግማሽ ግራም ነው። በፓኪስታን ደግሞ ዚንክ በተመሳሳይ መንገድ ተሰጥቷል። ሁለቱም ይሠራሉ፣ ነገር ግን በግራም የሚለካ ሚዛንና የአፈር ምርመራ ይፈልጋሉ፤ መጠኑ ሲያልፍ ዘሩን ይመርዛሉ፣ የተረፈው ዘርም ለሰውና ለከብት አይሰጥም። በግምት በማንኪያ የሚጨመር ነገር አይደለም። በመጀመሪያው ዓመት ንጹሕ ውሃ ብቻ ተጠቀሙ። ማዕድኑን መሞከር የምትፈልጉ ከሆነ ከወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ጋር፣ ወይም በአዴት የግብርና ምርምር ማዕከልና በደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ካሉ ባለሙያዎች ጋር ተነጋግራችሁ በጥቂት መስመር ጀምሩ። የከብት ሽንትና የፋንድያ ውሃ ለመዘፍዘፊያ የሚመክሩም አሉ፤ ጨውና አሞንያው ለጋ ዘርን ስለሚያቃጥል እኔ አላደርገውም።

ከጎን ለጎን ማየት

በዚያው ቀን፣ በዚያው ማሳ፣ ከዚያው ጆንያ የወጣ ያልተዘፈዘፈ ዘር አሥር መስመር ዝሩና በሁለቱም ጫፍ ካስማ ትከሉ። ከተቻለ ከተዘፈዘፈው ጋር እያፈራረቃችሁ፣ አምስት ከዚህ አምስት ከዚያ፣ በማሳው ሁለት ቦታ አድርጉት፤ የማሳ አንዱ ጎን ከሌላው ይሻላልና።

የመጀመሪያው ቡቃያ ብቅ ካለበት ቀን ጀምሮ በየሁለት ቀኑ በእያንዳንዱ ዓይነት ውስጥ የበቀለውን ቁጠሩ፤ ልዩነቱ በጉልህ የሚታየው በዚህ ጊዜ ነው። ሲያብብ ከየዓይነቱ አምስት አምስት ተክል በአካፋ ከነአፈሩ አውጡ፣ በእጅ ሳትጎትቱ። ሥሩን በውሃ አጥባችሁ በላዩ ያሉትን ትንንሽ እብጠቶች ቁጠሩ፣ ጥቂቱን በጥፍር ሰንጥቁ። ውስጡ ቀላ ወይም ሮዝ ካለ ባክቴሪያው እየሠራ ነው፤ ነጭ ወይም አረንጓዴ ከሆነ አይሠራም፣ ያን ጊዜ የሚቀጥለው ዓመት ጥያቄ ኖራና ባክቴሪያ ነው።

በአጨዳ ጊዜ የሁለቱን ነዶ ለየብቻ ከምሩ፣ ለየብቻ ውቁ፣ በአንድ ሚዛን መዝኑ። የልማት ሠራተኛውን በዚያን ቀን ጥሩት፤ ቁጥሩን ከነማሳው ዓይነት፣ ከነዝርያው ስምና ከዘፈዘፋችሁበት ሰዓት ጋር በቀበሌው ማሰልጠኛ ማዕከል መዝገብ ላይ ይጻፍላችሁ። የሚቀጥለው መስከረም ሲመጣ አጠገባችሁ ያለው ገበሬ የሚጠይቀው ያንን ሰዓት ነው።